ወንድሜ በአንኮበር ዳገት ላይ የተናገረ ዕለት

ጅማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ የት ተወለድሽ ሲሉኝ «አንኮበር ሥር» ብዬ አልፍ ነበር። አልዩ አምባን በስም እንኳ የሚያውቃት ሰው አላጋጠመኝም። ዘንድሮ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጎረቤቶቼም የድሮ ባልደረቦቼም በየቤታቸው ቁጭ እያደረጉ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን» ይሉኛል። በተናገርኩ ቁጥር አንድ ነገር ስለምዘነጋ እንደነበረ በቀን በቀኑ ጻፍኩት። ከእናንተ መካከል መንገዱን ለማየት ብሎ የሚሄድ አይመስለኝም። ስለዚህ መንገዱንም፣ ብርዱንም፣ የበላሁትንም ጨምሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ስልኩ የጮኸው የንጋት ሰላቴን ሰግጄ ምንጣፌን ሳጥፍ ነው። የወንድሜ ሚስት ፋጡማ ነበረች። ፋጡማ ስትደውል ከሰላምታ በፊት ስለ ዝናብ ትጠይቃለች፤ ያን ቀን አልጠየቀችም።

«እትዬ መዲና፣ ሰይድን ማየት ከፈለግሽ ነይ» አለችኝ። «አሁን አይናገርም። ሽማግሌዎቹም መንገድ አያንገላታው፣ ቤቱ ይሁን ብለዋል።»

ሰይድ ታናሼ ነው። ከአባታችን የወረሰውን የማሾ ጥራጥሬ ንግድ ይዞ አልዩ አምባ ቀረ፤ እኔ በማስተማር ሥራ ጅማ ወጣሁ። ከሦስት ወር በፊት በደም ግፊት የተነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ደብረ ብርሃን ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። እብጠቱ አንጎሉን እንዳይጫነው ከራስ ቅሉ አንድ ቁራጭ አጥንት አነሱለት። አጥንቱን ግን አልጣሉትም፤ እስኪመለስ ድረስ እንዳይበላሽ ብለው በገዛ ሆዱ ቆዳ ሥር ቀበሩት። ይህን በስልክ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በአንጎል ዙሪያ የሚዘዋወረው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ተጠራቀመበትና፣ ከጭንቅላቱ ተነስቶ በአንገቱ በኩል ወደ ሆዱ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳው ሥር አስገቡለት። እኔ ያኔ ጉልበቴን ታምሜ አልጋ ላይ ስለነበርኩ መሄድ አልቻልኩም። ከሆስፒታል ሲወጣ በደንብ ይናገር፣ በሰው ተደግፎም ይሄድ ነበር። አጥንቱ የሚመለስበት ቀጠሮ ገና ወር ይቀረዋል።

በማለዳው አውቶቡስ ተነሳሁ። ጅማን ስትለቁ ሁለቱም ጎን ዛፍ ነው። ወልቂጤን ካለፋችሁ በኋላ ግን አገሩ እየተገለጠ፣ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። ወልቂጤ ላይ ምሳ በላን፤ እኔ ከዳቦና ከሻይ በቀር አልወረደልኝም። አዲስ አበባ ደርሼ አልጋ ከያዝኩ በኋላ ቦርሳዬን ብከፍተው የእኔ አይደለም። ውስጡ የወንድ ጫማ፣ ሁለት የሒሳብ መጽሐፍና አንድ ፕላስቲክ በርበሬ አለ። ወልቂጤ የወረደ ሰው ያንኑ የሚመስል ቦርሳ ኖሮት ተለዋውጠናል። ጋቢዬም ሹራቤም ከሰውየው ጋር ወልቂጤ ቀሩ። የቀረኝ የለበስኩት ስስ ቀሚስና ሻሼ ብቻ ነው። ጅማ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የምሄደው ግን ደብረ ብርሃን ነው።

ሁለተኛው ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ሸኖን ስናልፍ ጣቶቼ ደነዘዙ። ለጅማ ሰዎች እንዲህ ብዬ ላስረዳችሁ፤ እኛ ዘንድ ብርድ የሚመጣው ከዝናብ ጋር ነው፣ ሰማዩ ሲከፈት ይሄዳል። ሰሜን ሸዋ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ ዓይን እየወጋ፣ ብርዱ ንቅንቅ አይልም። ከፀሐይ ወደ ጥላ አንድ እርምጃ ስትገቡ ወር የተቀየረ ይመስላችኋል።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አቶ ጌታቸው ጠበቀኝ። የጎረቤላ ሰው ነው፤ ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። በአይሱዙው ለዓመታት ከሰይድ ማሾ ሲያመላልስ ኖሯል። ፋጡማ ደውላለት ኖሮ ገና ሳይተዋወቀኝ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ።

«እርስዎ በዚህ ልብስ የመጡት ለሠርግ ነው?» አለኝ።

የቦርሳውን ነገር ነገርኩት። ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ፋጡማ ከደወለችልኝ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ያን ቀን ጎረቤላ ሄደን ያደርኩት እርሱ ቤት ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ አስናቀች ጠይም፣ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝና «ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ አልነካውም፣ በልተው ይጥገቡ» አለችኝ። ክርስቲያን ቤት እንግዳ ስሆን የሚያስጨንቀኝን ነገር ሳልናገረው ጨርሳ አስባበት ነበር። የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ሁለት ደርባ አለበሰችኝ። ክብደቱ ሰው የተኛብኝ ያህል ነበር፤ ሙቀቱም እንደዚያው።

ሦስተኛው ቀን

ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ቁልቁል ስላችሁ ግን የአጋሮን ቁልቁለት አታስቡ። መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ፣ በአንዱ ጎን ገደል፣ በሌላው ግድግዳ ይዞ ይጠማዘዛል። እግሬን ያለ ፍሬን ስረግጥ ነው የወረድኩት። ከሥር የአፋር ሜዳ በአቧራ ተሸፍኖ ይታያል። በእያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ ማውለቅ ነው፤ ጃኬቱን አወለቅሁ፣ አስናቀች ያስያዘችኝን ብርድ ልብስ አጠፍኩ፣ አልዩ አምባ ስንደርስ ላቤን እየጠረግሁ ነበር።

ሰይድ በረንዳው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከኋላው ሦስት ትራስ፣ በግራው ሁለት፣ በቀኙ የፋጡማ ትከሻ። ጠያቂ ስለሚበዛ ተኝቶ እንዳይታይ በማለዳ ቀና አድርገው ያስቀምጡት ነበር። ዓይኑ ግማሹ ተከፍቷል፤ እኔን አያየኝም። «ሰይድ፣ እቴ ነኝ» አልኩት፤ ከልጅነቱ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ከንፈሩ ዳር ምራቅ ወረደ እንጂ አልመለሰልኝም።

ፋጡማ ሻሹን ገልጣ ቁስሉን አሳየችኝ። አጥንቱ በተነሳበት በኩል ቆዳው ወደ ውስጥ ገብቶ ጎድጉዷል። እፍኝ ውሃ ይይዛል።

«እብጠቱ እንኳ ጠፋለት፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «መጀመሪያ እንዲህ ተነፍቶ ነበር። ቁስሉ እየዳነ ነው ብለን ደስ ሲለን፣ እርሱ ግን እየደከመ ሄደ።»

«መቼ ጀመረው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል፤ ውሃ ስጡኝ እንኳ ይላል። ፀሐይ ስትወጣ እንዲህ ይሆናል።»

ይህን ስትለኝ ሰማሁት፤ ሰምቼ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሸህ አሊ መጥተው ለሚሞት ሰው የሚቀራውን ያሲን ቀሩለት። ከዚያ ምክክር ሆነ። ሸህ አሊ ሰይድን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። «ልጄ፣ ያ ዳገት ጤነኛውንም ያደክማል» አሉኝ። «መንገድ ላይ ከሚሞት ቤቱ ይሁን።»

«ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይታይ ከሞተ እኔ ጅማ ላይ እንቅልፍ አይኖረኝም» አልኳቸው። «ሞቱ ከተጻፈም ዶክተሮቹ እያዩት ይሁን።»

ሁለታችንም ፋጡማን አየናት። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሰው ያነሳችም ያጠበችም እርሷ ናት፤ ቃሉ የእርሷ ነበር። በመጨረሻ ተነሳችና የሰይድን ልብስ በፌስታል ማስገባት ጀመረች። መልሷ ይኸው ነበር።

አራተኛው ቀን

የገበያ ቀን ስለነበረ አይሱዙው ማሾ ጭኖ ይመለሳል። አቶ ጌታቸው ከፊት በኩል ከጋቢናው ጀርባ ጆንያዎቹን ደረደረና ከኋላ ለፍራሽ ቦታ ተወ። ጎረቤቶች ሰይድን በቃሬዛ አመጡት። ጭንቅላቱን ወደ ጆንያዎቹ ብናደርገው፣ ከላይ የተደረደረው ቢንሸራተት አጥንት የሌለውን ጎኑን ይመታዋል ብለን ፈራን። ስለዚህ እግሩን ወደ ፊት፣ ራሱን ወደ ኋላ አደረግነው። ትራስ ከሥሩ ከተን ነበር፤ መኪናው ገና ሲንቀሳቀስ ግን ትራሱ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሄደና ፋጡማ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ደረቱን ይዣለሁ።

ዳገቱ ጀመረ። መኪናው ሲወጣ የእኛ ወለል ወደ ኋላ አዘነበለ፤ የሰይድ እግር ከላይ፣ ራሱ ከታች ሆነ። ፋጡማ «ደም ወደ ጭንቅላቱ ይወርድበታል፣ መኪናውን እናስቁም» አለችኝ። ስንወጣ ማቆሚያ አልነበረም። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ።

ከአራት ወይም ከአምስት ጥምዝ በኋላ መሆን አለበት። እጄ ደረቱ ላይ ነው። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ፋጡማ የተናገረች መስሎኝ ቀና አልኩ። እርሷ ግን አፏን በእጇ ይዛ ወደ ታች ታያለች።

«እቴ» አለ ሰይድ።

ዓይኑ ተከፍቷል። እኔን ነው የሚያየው።

«እቴ፣ መቼ መጣሽ?»

«ትናንት» አልኩት።

«ይህ የጌታቸው መኪና ነው?» አለ። ሞተሩን አዳመጠ። «ማርሹን አሁንም አሳስቶ ነው የሚያስገባው።»

ፋጡማ እየሳቀች አለቀሰች። ሰይድ ሰማዩን እያየ ወሬ ጠየቀ፤ የማሾው ዋጋ እንዴት ነው፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው ወይ፣ ጅማ ዘንቧል ወይ። ቃሉ ይጎተታል እንጂ ነገሩ የተሟላ ነበር። የቀኝ እጁን ጣቶች ያንቀሳቅስ ጀመር። እኔ ይህን የዱዓዬ ምላሽ ነው ብዬ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነበር። ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ምላሹ የመጣው በዳገቱ በኩል ነበር፤ እርሱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ጎረቤላ ስንደርስ የአይሱዙው ራዲያተር ፈላ፤ አቶ ጌታቸው የተቀደደውን የውሃ ቱቦ ሳይቀይር ወደፊት መሄድ አልቻለም። ሰይድን ወይዘሮ አስናቀች ቤት አስገባነው። ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ሁላችንም ደስታ አሰክሮናል። ወይዘሮ አስናቀች አጥሚት ሠራች፤ እኛም ሊጠጣ እንዲመቸው ብለን ግድግዳውን አስደግፈን ቀና አድርገን አስቀመጥነው። ለአስናቀች «እግዜር ይስጥሽ» አላት። ሦስት ማንኪያ ጠጣ። አራተኛው ላይ አጥሚቱ በአገጩ ወረደ። ዓይኑ ትናንት እንዳየሁት ግማሽ ሆነ። ጠራነው፤ የለም። ትንፋሹ አንድ ጊዜ ረጅም፣ አንድ ጊዜ አጭር ሆነ።

ፋጡማ አገጩን በሻሿ ጠረገችለት። «ተሰናብቶን ነበር» አለች። «ዳገቱ ላይ ያወራን ሊሰናበተን ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የትናንትናው ነገር የመጣልኝ። ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል። ጠዋት ማለት እኮ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ማለት ነው። ፀሐይ ስትወጣ የሚደክመው በረንዳ ላይ ቀና ስለሚያደርጉት ነው። መኪናው ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ራሱ ከእግሩ በታች ነበር።

«እናስተኛው» አልኩ። «በጀርባው። ራሱ ዝቅ ይበል።»

ፋጡማ ፌስታሉን ከፍታ የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት አወጣች። አንዱን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ሲተኛ ራሱን ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት ይላል። ልክ ነው፤ ደም ለፈሰሰበትና ለተነፋ ጭንቅላት የሚታዘዘው እንደዚያ ነው፣ በኋላ እንደተረዳሁት። «ዶክተሮቹ የጻፉትን ትተሽ በራስሽ ልትገድዪው ነው?» አለችኝ። ክፉ ብላ አልነበረም፤ ፈርታ ነው።

ደብረ ብርሃን ለመደወል ሞከርን፤ ኔትዎርክ የለም። ወይዘሮ አስናቀች ማንኪያውን አስቀመጠች። «ዳገቱ ላይ ሲያወራ እንዴት ነበር የተኛው?» ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ሄዳ አንድ ጆንያ ገብስ እየጎተተች አመጣች።

ፋጡማን አየኋት። ብሳሳት ወንድሜን የምገድለው እኔ ነኝ። ፋጡማ ወረቀቱን አጥፋ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችና ትከሻውን ያዘች። ሦስት ሆነን አስተኛነው፤ እግሩን ጆንያው ላይ ሰቀልን፤ ትራስ አነሳንለት። ከዚያ ጠበቅን። ውጭ አቶ ጌታቸው ብረት ይቀጠቅጣል። አስናቀች የቀዘቀዘውን አጥሚት እንደገና እሳት ላይ ጣደችው።

አጥሚቱ ሲፈላ ሰይድ ዓይኑን ገለጠ።

«እቴ፣ ጣራው ላይ ጉድጓድ አለ» አለ። እውነትም የአስናቀች ቆርቆሮ ተበስቶ ብርሃን ይገባል። «ጌታቸው አላየውም?»

አስናቀች ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስቃም ይሁን አልቅሳ አላውቅም። አጥሚቱን እዚያው እንደተኛ በጎኑ አድርጋ በትንሽ ማንኪያ አጠጣችው።

አምስተኛው ቀን

ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ እንደ ታችኛው ገደል አይደለም፤ ደጋ ላይ የገብስና የባቄላ ማሳ እያቋረጠ ይሄዳል። ዳገቱ ስለማይረዳን የገብሱን ጆንያ ይዘን ሄድን። አቶ ጌታቸው ጆንያውን ከሰይድ እግር ሥር አስተካክሎ «ዛሬ ዳገቱ ይኼ ነው» አለ። በአራት ብርድ ልብስ ጠቅልለነው አፍንጫው ብቻ ይታያል። መንገዱን ሁሉ አወራ። አንዳንዴ ይደግማል፣ አንዳንዴ የሞተውን አባታችንን ደኅና ነው ወይ ይለኛል፤ ግን አብሮን ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ሠራተኛ ዊልቼር እየገፋ መጣ። «አይቀመጥም» አልኩት። ሕመምተኛ የሚገባው በዚህ ነው አለኝ። ወንድሜ ሲቀመጥ እንደሚጠፋ ነገርኩት። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማየው። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ያልተጠቀምኩበትን ድምፅ አወጣሁ መሰለኝ፣ በድምፄ አንዲት ወጣት ዶክተር ከውስጥ ወጣች። ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ናት። ሰይድን ከቀደዱት አንዷ እርሷ ኖራለች።

«ምን አሉኝ እናቴ? እንደገና ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ሲተኛ ይናገራል፤ ቀና ስናደርገው ይጠፋል።»

አጎንብሳ ጭንቅላቱን ነካችው። የጎደጎደውን በጣቷ ዳሰሰች። ፊቷ ተቀየረ። ሠራተኛውን «አልጋ አምጣ፣ እንዲሁ ተኝቶ ይግባ፣ ማንም ቀና እንዳያደርገው» አለችው። እርሷ ራሷ የአልጋውን ዳር ይዛ ስትሮጥ አየኋት።

ሲቲ ስካን ተነስቶ ከወጣ በኋላ እኔንና ፋጡማን ጠርታ ምስሉን አሳየችን። መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መውረድ ያለበት መስመር ወደ ጎን ጎብጧል።

«ይህ ቱቦ የተጠራቀመውን ፈሳሽ እንዲያወርድ ነው የተደረገለት» አለች። «ሰው ሲቀመጥ ግን ውሃ ወደ ታች ስለሚሳብ፣ ከሚገባው በላይ አውርዶበታል። አጥንት ያለው ሰው ቢሆን ራሱን ያመው ነበር። የእርሱ ግን በአንድ በኩል የሚከላከል አጥንት የለም። ውስጡ ሲጎድል የውጭው አየር ቆዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ አንጎሉም ተገፍቶ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ሲተኛ ፈሳሹ ይመለሳል፤ ፈሳሹ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል።»

«እኛ ነን ያጠፋነው?» አለች ፋጡማ። «ቀና አድርገን ያስቀመጥነው?»

«የታዘዛችሁትን ነው ያደረጋችሁት። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ አያጋጥምም። እኔም የማውቀው ከትምህርት ነው፤ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።» ምስሉን እንደገና አየች። «የደከመ ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈራው ግፊት ጨመረ ብለን ነው። ራሱን ከፍ እናደርጋለን፣ ፈሳሽ የሚቀንስ መድኃኒት እንሰጣለን። ለእርሱ ያንን ብናደርግ ኖሮ…» አልጨረሰችውም። «እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«አላወቅሁም» አልኳት። «መኪናው ዳገት ሲወጣ ነው ያየሁት።»

ዶክተር ሕይወት እስክሪብቶዋን አውጥታ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ለሌሎቹ ሐኪሞች ስታስረዳ በኋላ ሰማኋት፤ ዳገቱንም፣ የገብሱን ጆንያም ሳትረሳ ነው የነገረቻቸው።

ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ቀን

በገባንበት ዕለት ማታ ዶክተሯ ቱቦውን ለጊዜው አሰረችው። ለሁለት ቀን አልጋው በእግር በኩል ከፍ ብሎ፣ ግሉኮስ እየወረደለት ተኛ። በሁለተኛው ቀን ጉድጓዱ ሞላ ማለት ጀመረ። በየጠዋቱ ሻሹን ስትከፍት እኔና ፋጡማ አንገታችንን አስግገን እናያለን። እብጠት ጠፋ ብለን ደስ ባለን ቦታ፣ አሁን ቆዳው ከፍ ሲል ደስ አለን።

በዘጠነኛው ቀን አጥንቱ ከሆዱ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ተቀመጥን። ዶክተሯ ስትወጣ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ «ልክክ ብሎ ገባ» አለች። ፋጡማ እጇን ልትስም አጎነበሰች፤ እርሷ ቀድማ አቀፈቻት።

እኛ ያደርነው ከሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ያላት የወይዘሮ አስናቀች እህት ዘንድ ነው። ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይገኝ ነበር። ለጅማ ልጅ ይህ ተአምር ነው፤ በጣቴ ሰብሬ ለፋጡማ አሳየኋት፣ እርሷም የቆላ ሰው ናትና እኩል ተደነቅን። የቤቱ እመቤት ሳቀችብን። እንቁላል ከእነ ቅርፊቱ እየቀቀለች ትሰጠን ነበር፤ «ይኼማ የማንም ሃይማኖት አይነካውም» ትላለች።

ቱቦው በኋላ እንደገና ተፈታ። አሁን አጥንቱ ስለሚከላከል ልኩን ብቻ አወረደ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዶክተሯ የአልጋውን ራስጌ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረገች አቆመችው። በእያንዳንዱ ከፍታ ታናግረዋለች። «ስምህ ማነው?» «ሰይድ።» ከፍ አደረገች። «ምን ትነግዳለህ?» «ማሾ።» ከፍ። «ይህቺ ማን ናት?» «ታላቄ ናት፤ አስተማሪ ስለሆነች ሁሉን ታዝዛለች።» አልጋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰይድም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ማንም አልደገፈውም። ምሳውን በገዛ እጁ በላ። በላ ስላችሁ፣ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ።

በማግስቱ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ዊልቼር የከለከልኩት ሠራተኛ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። «ይኼ ያ ሰውዬ ነው?» አለኝ። «ያ ነው» አልኩት። ሰይድን ጨበጠው፤ እኔንም ጨበጠኝ።

ሃያኛው ቀንና ከዚያ በኋላ

ስፌቱ ከተነሳና ዶክተሯ ለመንገድ ከፈቀደችለት በኋላ አቶ ጌታቸው ሊወስደን መጣ። ሰይድ በዚህ ጊዜ ጋቢና ተቀመጠ። እኔና ፋጡማ ከኋላ ፍራሹ ላይ ሆነን በጋቢናው መስኮት ጀርባውን እናያለን። ቁልቁለቱን ሁሉ ስለ ማርሹ ሲጨቃጨቁ ይሰማናል።

አልዩ አምባ ስንደርስ ሰው ወጥቶ ነበር። ሰይድ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሸህ አሊ ወደቆሙበት ብቻውን ሄደ። ሸህ አሊ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ እኔ ለዚህ ሰው ያሲን ቀርቼለት ነበር» አሉ። «ሰማሁት እኮ» አላቸው ሰይድ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሰላት ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ዘንድሮ የተወለደ ፍየል ታረደ። ፋጡማን ሴቶቹ አንስተው መሬት አላስነኳትም።

እኔ አሥር ቀን ቆየሁ። በዚያ ሰሞን ሰይድ ወንበር ላይ ሆኖ ነበር የሚሰግደው፤ ዶክተር ሕይወት እስክትፈቅድ እንዳያጎነብስ አዝዛዋለች። ለመጨረሻው ምርመራ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ሲመለስ ወንበሩን ወደ ጓዳ አስገባው። «ፈቀደችልኝ» አለ።

ወደ ጅማ በምነሳበት ዋዜማ፣ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ምንጣፉን ግቢው ውስጥ አነጠፈ። እኔና ፋጡማ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። መልቀማችንን አቆምን። ጎንበስ አለ፤ ተነሳ። ከዚያ ሱጁድ ወረደ፣ ግንባሩ መሬት ነካ። ፋጡማ ክንዴን ያዘችኝ። ተነስቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ክፍት ነው። እንደገና ወረደ፤ እንደገና ቀና አለ። ቆመ። አራቱንም ረከዓ እንዲሁ ስንቆጥር፣ በወረደ ቁጥር ትንፋሻችንን ይዘን፣ በተነሳ ቁጥር እየለቀቅን ቆየን። በመጨረሻው ቁጭ ብሎ ቆየ፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፣ ጣቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ አሰላሙ ዐለይኩም አለ። ወደ ግራ አዞረ፣ እኛ ወዳለንበት፤ አሰላሙ ዐለይኩም አለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።